የጓደኛሽ ጊታር፣ የብረት ክሩና የእርሳስ ጭረቶቹ

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ ጊታር እጫወታለሁ፤ መጣጥፍና አጫጭር ልቦለድም እጽፋለሁ። ሦስት ጊታሮች አሉኝ፤ አንድም ጊታር አይቼ ሳልነካው ማለፍ የማልችል ሰው ነኝ። ጽሑፎቼን ለዘጠኝ ዓመት ያረመልኝ አርታኢዬና የልብ ጓደኛዬ ባለፈው ሚያዝያ አረፈ። ቤተሰቦቹ ጊታሩን ለእኔ ሰጡኝ። ቢሮው ውስጥ ግድግዳ ላይ ሰቅሎት አልፎ አልፎ ክሮቹን ሲመታ ከደጅ እሰማ ነበር እንጂ ዜማ ሲጫወት ሰምቼው አላውቅም። ብሪጁ፣ ክሮቹ ፊቱ ላይ የሚታሰሩበት እንጨት፣ ከኋላ ተነስቷል፤ ከብሪጁ ወደ ታች የወረደ ስንጥቅ አለ፤ ክሮቹ ዝገዋል። በአንገቱ ጎን በእርሳስ የተሰመሩ ትንንሽ ጭረቶች አሉ፤ ጽሑፌ ላይ እንደሚያሰምራቸው አጭርና ዘንበል ያሉ ስለሆኑ የእሱ እጅ መሆኑን አውቃለሁ፤ ምን እንደሆኑ ግን አልገባኝም። ለሙት ዓመቱ ልጫወትበት እፈልጋለሁ። አንድ ጠጋኝ ‹ጭረቱንም አጥፍቼ፣ ፍሬቱንም (አንገቱ ላይ ያሉትን አግዳሚ ብረቶች) ሞርጄ አዲስ አደርግልሻለሁ› አለኝ። እኔ አዲስ እንዲሆን አልፈልግም፤ ድምፁም እንዳይቀየር እፈልጋለሁ። ይድናል ወይ? ደግሞ ከሞተ ወዲህ አንድ ገጽ አልጻፍኩም። እስከ 11ኛው ገጽ አርሞት የቀረ ጽሑፌ እጄ ላይ አለ። ጊታሩ ቢድን መጻፍም የምችል ይመስለኛል። አራት ፎቶ አያይዣለሁ።»

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። አንቱ ብለሽ ጽፈሽልኛል፤ እኔ ግን በዕድሜዬ ተመርኩዤ አንቺ እልሻለሁ፣ አትቀየሚኝ።

ሌላውን ከማንበብሽ በፊት ተነሺና ክሮቹን አርግቢ። በመቀስ አትቁረጫቸው፤ የተወጠረ የዛገ ክር ሲበጠስ ለዓይን ያሰጋል፣ ደግሞም ክሮቹን ትፈልጊያቸዋለሽ። ከስድስተኛው፣ ከወፍራሙ፣ ጀምረሽ እያንዳንዱን ቁልፍ ሁለት ሁለት ዙር እያረገብሽ፣ ተራ በተራ እየተመላለስሽ፣ ሁሉም እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ እስኪረግቡ ድረስ። ከዚያ ጊታሩን በጀርባው አስተኚው። ግድግዳ ላይ አትመልሺው።

አሁን ስለ ሕመሙ። በመጀመሪያው ፎቶ የጊታሩ ራስ ሁለት ረጃጅም መስኮቶች አሉት፤ ክሮቹ የሚጠመጠሙባቸው ዘንጎች ወፍራምና ነጫጭ ናቸው። አንገቱ ከገላው ጋር የሚገጥመው 12ኛው ፍሬት ላይ ነው። ብሪጁ ላይ ክር የሚይዝ ፒን የለም፤ ክሩ በቀዳዳ አልፎ በራሱ ላይ የሚቋጠርበት ዓይነት ነው። ማስመሪያ አጋድመሽ ያነሳሽው ነት፣ ክሮቹ ከራሱ ወደ አንገቱ ሲያልፉ የሚያርፉበት ጠርዝ፣ 52 ሚሊሜትር ይሰፋል፤ የብረት ክር ጊታር ቢሆን ኖሮ 43 ወይም 44 አካባቢ በሆነ ነበር። ስለዚህ ይህ ክላሲካል ጊታር ነው፤ ለናይለን ክር የተሠራ። ጓደኛሽ፣ ወይም ከእሱ በፊት የነበረው ባለቤት፣ የብረት ክር አሰረበት። በክሮቹ ጫፍ ያሉት ትንንሽ የብረት ቀለበቶች የብሪጁን እንጨት እየበሉ ወደ ውስጥ እንደገቡ በሦስተኛው ፎቶ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የብሪጁ መነሳት ከዚህ መጣ፤ ስንጥቁን ደግሞ ይህና የበጋው ድርቀት ተባብረው አመጡት።

ይህን ያደረገውን ሰው አልወቅሰውም። የአዲስ አበባ ጆሮ ጊታርን ያወቀው በብረት ክር ነው። በአይቤክስ፣ በኋላም በሮሃ ባንድ የሰላም ስዩምን ጊታር እየሰማ ያደገ ሰው፣ ጊታር ሲባል በጆሮው የሚመጣለት ያ ጥርት ያለ የብረት ድምፅ ነው። ናይለን ክር ደግሞ በፈለጉት ቀን ሱቅ ውስጥ አይገኝም። ሰው ያገኘውን ያስራል። በእኔ ጠረጴዛ ላይ ካለፉት ብሪጃቸው የተነሳ ጊታሮች ውስጥ አብዛኞቹ የዚህ ታሪክ ባለቤቶች ናቸው።

ጉዳቱ እንዴት እንደሚደርስ ግን እወቂው፤ ጠጋኙ ፊት ስትቆሚ ይጠቅምሻል። ለአኮስቲክ ጊታር የሚሸጠው ባለ 12 ቁጥር የብረት ክር ተቃኝቶ ሲወጠር ስድስቱ ክሮች በአንድነት ከ70 ኪሎ በላይ ይስባሉ፤ የኩንታል ሦስት አራተኛ ገደማ ማለት ነው። ቀጭን የሚባለው ባለ 10 ቁጥሩ እንኳ ወደ 60 ኪሎ ይጠጋል። ናይለን 40 ኪሎ አካባቢ ነው። ይህ ሸክም የሚያርፈው ጊታሩን ስትጫወቺበት ብቻ አይደለም፤ ሌሊቱን ሙሉ፣ ቢሮው ተዘግቶ ሳለ፣ እሑድም በዓልም ብሪጁን ወደ ፊት ሲጎትተው ያድራል። ብሪጁ የተለጠፈበት ፊት ጣውላ ደግሞ ሁለት ሚሊሜትር ተኩል ቢወፍር ነው። ክላሲካል ጊታርን ዛሬ በምናውቀው መልኩ ያደላደለው፣ በ1817 ተወልዶ በ1892 የሞተው የአልሜሪያው ሰው አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ፣ ከጣውላው ሥር ቀጫጭን ዘንጎችን እንደ ማራገቢያ ዘረጋ። ሐሳቡ ጣውላው ስስ ሆኖ እንዲተነፍስ እንጂ ከባድ ሸክም እንዲችል አልነበረም። የብረት ክር ጊታር የሚቆመው በሌላ አጥንት ነው፤ አሜሪካ ውስጥ የማርቲን ቤት ከ1840ዎቹ ጀምሮ የተጠቀመበት፣ ኋላ የብረትን ጉተታ የቻለው፣ በመስቀለኛ የተጣመሩ ሁለት ወፋፍራም ዘንጎች አሉት። አንገቱ ውስጥም ትራስ ሮድ የሚባል የብረት ዘንግ ይገባል። ክላሲካል ጊታር በአብዛኛው ይህ ዘንግ የለውም፤ አንገቱ ከጎበጠ በካቻቢቴ ዞር አድርገሽ አትመልሺውም። የአንቺው እንዴት እንደሆነ በአራተኛው ፎቶ በደንብ አይታየኝምና፣ ብሪጁ ተጠግኖ አዲሱ ክር ከገባ በኋላ አንደኛውንና 12ኛውን ፍሬት ላይ ክሩን ተጭነሽ መሐሉ ላይ ያለውን ክፍተት እዪ። አንድ ቢዝነስ ካርድ ቢያልፍ ደህና ነው። ሦስት ካርድ ተደርቦ የሚያልፍ ከሆነ አንገቱም ተጎድቷልና ጻፊልኝ።

ድምፁ እንዳይቀየር ያልሽው ላይ ልዋሽሽ አልችልም። ይቀየራል። ከደጅ ቆመሽ የሰማሽው ያ ሹል ድምፅ፣ ጊታሩን ይገድለው የነበረው የብረቱ ድምፅ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ማዳን አይቻልም። ብሪጁን አጥብቆ ለጥፎ የብረት ክሩን መልሶ የሚወጥርልሽ ሰው አይጠፋም፤ ጥሩ አድርጎ ከለጠፈውም በሚቀጥለው ጊዜ የሚሸነፈው ብሪጁ ሳይሆን ፊት ጣውላው ይሆናል፤ ያኔ የሚተርፍ ጊታር የለም። ሐር የገባበት «ለስላሳ ብረት» የሚሉት ክር አለ፤ እሱም ለዚህ ገላ ይከብዳል። አንድ ጊዜ ብቻ ልስማውና ከዚያ ላስረክብ ብለሽም እንዳትወጥሪው። ከኋላ የተነሳ ብሪጅ በጉተታ ሲነቀል የጣውላውን ፊት ገንጥሎ ይዞ ይሄዳል፤ በሙቀት ተላቆ የወጣው ግን ንጹሕ ሆኖ ተመልሶ ይለጠፋል። ድምፁን በስልክሽ የቀረጽሽበት አጋጣሚ ካለ፣ የሆነ የድምፅ መልእክት ጀርባ ላይ እንኳ ቢሆን፣ ፈልጊውና ሁለት ቦታ ገልብጠሽ አስቀምጪው። የዚያ ድምፅ ማደሪያ እሱ ነው።

አንድ ነገር ግን ያጽናናሽ እንደሆነ ልንገርሽ። ናይለንም የጊታር የጥንት ክር አይደለም። እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ የክላሲካል ጊታር ሦስቱ ቀጫጭን ክሮች ከአንጀት ጅማት ይሠሩ ነበር። በጦርነቱ ዘመን ጅማቱ ለቁስል ስፌት ተፈለገና ጠፋ፤ ኒውዮርክ ይሠራ የነበረው አልበርት ኦገስቲን ከታላቁ ጊታር ተጫዋች ከአንድሬስ ሴጎቪያ ጋር ሆኖ በ1940ዎቹ የናይለኑን ክር አወጣ። የእኛ በገና አሥሩን አውታር ዛሬም ከበግ አንጀት ይፈትላል። ክራር ደግሞ ከጅማት ተነስቶ ወደ ናይለንም ወደ ሽቦም ሄዷል። ትዝታ በብረት ከመመታቱ በፊት በጅማት ስንት ዘመን ተመቷል። በዚህ ጊታር ላይ የናይለን ክር ስታስገቢ የምትሰሚው ድምፅ ጓደኛሽ ያልሰማው ነው፤ ለዜማው ግን እንግዳ አይደለም።

ወደ ጥገናው። «አዲስ አደርግልሻለሁ» ያለሽ ሰው ክፉ አስቦ አይመስለኝም፤ ብዙ ደንበኛ የሚፈልገው ያንን ነው። ለአንቺ ጊታር ግን አዲስ ማድረግ ማለት ፊቱን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ቫርኒሽ መቀባት፣ ፍሬቱን መሞረድ፣ የአንገቱን ጎን ማጽዳት ማለት ነው። እነዚህን ሁሉ እምቢ በይ። ፊቱ ላይ ከቀዳዳው በታች ያለው የተፋቀ ቦታ ይቆይ፤ ክላሲካል ጊታር መከላከያ ፕላስቲክ ስለሌለው ፒክ ወይም ጥፍር ሲያርፍበት እንዲህ ይሆናል፤ ለድምፁ አንዳች ጉዳት የለውም። የምትፈልጊው ሥራ ሁለት ብቻ ነው፤ ብሪጁ በሙቀት ተላቆ ተመልሶ እንዲለጠፍና ስንጥቁ እንዲዘጋ። ይህንንም በወረቀት ጽፈሽ አንድ ቅጂ ለእሱ፣ አንድ ቅጂ ለራስሽ ያዢ። በቃል የተነገረ ነገር በሥራ መሐል ይረሳል።

ስለ ሙጫው አጥብቀሽ ጠይቂ። ሱፐር ግሉና ኢፖክሲ ጊታሩ አጠገብ እንዳይደርሱ። የእኔ ምርጫ ከከብት ቆዳ ተፈልቶ የሚወጣው የጥንቱ ሙጫ ነው። እሱ ከሌለ ጥሩ የእንጨት ሙጫ፣ ቪናቪል ቢሆንም እቀበላለሁ፤ እሱም በሙቀት ይለቃል። የቆዳውን ሙጫ የምመርጠው በጥንካሬው ብቻ አይደለም፤ ጥንካሬስ ኢፖክሲም አለው። የቆዳ ሙጫ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ለሚመጣው ጠጋኝ በሙቀትና በትንሽ እርጥበት እሺ ብሎ ይለቃል። እኔ የተሳሳትኩትን እሱ ማረም ይችላል።

ይህን ያስተማረኝ የእንጨት ሰው አይደለም። እኔም አርታኢ ነበረኝ። ስለ ክራርና ስለ ጊታር አሠራር እጽፍ በነበረበት ዘመን 14 ዓመት ጽሑፌን አንብቦልኛል፤ ጓደኛዬ ነበር፤ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆነው። እስክሪብቶ ይዞ ወረቀቴ ላይ ሲያርፍ አይቼው አላውቅም። ሁልጊዜ እርሳስ ነው። «ባይዋጥልህ ላጲስ አለ» ይለኝ ነበር። የጽሑፎቼን የመጀመሪያ አንቀጽ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል በስሱ ያሰምርበትና ዳር ላይ አንዲት ቃል ይጽፋል፦ «ቅኝት»። ክራሩን እየቃኘህ ነው፣ ዘፈኑን ገና አልጀመርክም ማለቱ ነው። እውነቱን ነበር። አንቺንም ደብዳቤዬ መግቢያ ላይ ያለ ቅኝት በቀጥታ ጊታርሽን አርግቢ ያልኩሽ እሱ ስላስለመደኝ ነው።

ብሪጁ ሲለጠፍ ቦታው በትክክል ይያዝ። ከነቱ እስከ 12ኛው ፍሬት ለኪ። 325 ሚሊሜትር ካገኘሽ የክሩ ርዝመት 650 ነው ማለት ነው፤ የክላሲካል ጊታር የተለመደ ልክ ይህ ነው። ሳድሉ፣ በክራር ብርኩማ የምንለውን ሥራ የሚሠራው ነጩ አጥንት፣ ከ12ኛው ፍሬት 325 ላይ ሳይሆን አንድ ሁለት ሚሊሜትር አልፎ መቆም አለበት። ክር ስትጫኚ ትንሽ ትወጥሪዋለሽና ድምፁ ወደ ላይ ይሸሻል፤ ያቺ ሚሊሜትር ያንን ትመልሳለች። ብሪጁ ከመነቀሉ በፊት ዙሪያውን በወረቀት ፕላስተር እንዲያጥርልሽ ጠይቂው። ከተለጠፈ በኋላ ሞርሳው ሙሉ ቀንና ሌሊት አይፈታ፤ ክር ደግሞ ከዚያም ሌላ አንድ ሁለት ቀን ቢዘገይ ደስ ይለኛል።

ስንጥቁን ግን ነገ አታስለጥፊው። አሁን ጥር ነው፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሆና በበጋ ከሰዓት አየሯ እንዴት እንደሚደርቅ በከንፈርሽ ታውቂዋለሽ። እንጨት ሲደርቅ ወደ ጎኑ ይኮማተራል፤ ጣውላው በዘንጎቹና በብሪጁ ተይዞ መኮማተር ሲያቅተው ይሰነጠቃል። መስኮት አጠገብ የተሰቀለ ጊታር ደግሞ ይህን በየቀኑ ይቀበላል። አሁን ስንጥቁ አፉን በከፈተበት ወቅት ሙጫ ከሞላሽበት፣ ሐምሌ ሲመጣ እንጨቱ ሲያብጥ የሚሄድበት ያጣል። ስለዚህ መጀመሪያ አጠጪው። የፕላስቲክ ሳሙና ማስቀመጫ በብዙ ቦታ ቀዳድተሽ፣ ውስጡ አርጥበሽ አጥብቀሽ የጨመቅሽው ስፖንጅ አግቢና ከጊታሩ ጋር ኬዙ ውስጥ ከራሱ ሥር አስቀምጪው። ስፖንጁ መንጠብ የለበትም። ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ብታገኚ ከ45 እስከ 55 በመቶ መካከል እንዲቆይ አድርጊ። ሁለት ሳምንት ስጪው። ስንጥቁ በዓይንሽ እያየሽው ይጠብባል፤ አንዳንዱ ጨርሶ ይገጥማል። ያኔ ነው ሙጫ የሚገባው፤ ከውስጥ በኩልም ሁለት ሦስት ትንንሽ የስስ ጣውላ ድጋፍ ይለጠፍበታል።

በነገራችን ላይ የድምፅ ቀዳዳውን ጠርዝ በባትሪ አብርተሽ እዪ። የፊቱ የእንጨት መስመር በጠርዙ ውፍረት ውስጥ ወደ ታች ከቀጠለ ጣውላው ወጥ ነው። እንደ ደብተር ገጽ የተደራረበ ከሆነ ኮምፖንሳቶ ነው፤ ስንጥቁም ምናልባት የላይኛውን ንጣፍ ብቻ ነው የነካው፣ ጥገናውም ይቀላል። ዋጋው ዝቅ ያለ ጊታር ነው ማለትም ነው። ስለዚህ እንዳትከፊ። እኔ ከ30 ዓመት በላይ ጊታር ከፍቼ ዘግቻለሁ፤ አሁንም ኬዝ ሲከፈት የሚወጣው የእንጨትና የሙጫ ሽታ ያቆመኛል። ይህ ደግሞ በውዱም በርካሹም እኩል ነው። ባለ ኮምፖንሳቶ ጊታር ላይ የተሠራ ጥሩ ዜማ ስንቱን ሰምቻለሁ።

ወደ ጭረቶቹ ልመለስ። ይህን ክፍል መጨረሻ ላይ ነበር ያየሁት፤ ካየሁት በኋላ ግን ፎቶውን ሦስት ጊዜ ተመልሼበታለሁ።

ፋብሪካ በአንገት ጎን ላይ ምልክት ሲያደርግ ብዙ ጊዜ 5፣ 7፣ 9 እና 12 ላይ ነው፤ 3ኛውም ይጨመራል። ክላሲካል ጊታር ብዙውን ጊዜ ምንም ምልክት የለውም። እኔም መጀመሪያ ጓደኛሽ ይህንኑ ጉድለት ሞልቶ ነው ብዬ አልፌው ነበር። አጉልቼ ስቆጥር ግን ጭረቶቹ 3፣ 5፣ 7፣ 10 እና 12 ላይ ናቸው። 9ኛው ላይ የለም። 10ኛው ላይ አለ። ተሳስቶ ይሆን ብዬ ደግሜ ቆጠርኩ፤ አምስቱም በየቦታቸው ጥንቅቅ ያሉ ናቸው።

ከራስሽ ጊታሮች አንዱን አንሺና አንደኛውን፣ ቀጭኑን ክር ባዶውን፣ ሳትጫኚው፣ ምቺ፤ ሚ ነው። 3ኛው ፍሬት ላይ ሶል፣ 5ኛው ላይ ላ፣ 7ኛው ላይ ሲ፣ 10ኛው ላይ ሬ፣ 12ኛው ላይ ተመልሶ ሚ። ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ፣ ሚ። ከሶል የሚነሳ ትዝታ ሜጀር ነው፤ ሌላ ድምፅ አልተጨመረበትም፣ የቀረም የለም። የስድስቱን ክሮች ባዶ ድምፅ ደግሞ አስታውሺ፦ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሚ። አንዳቸውም ከዚህ ቅኝት አይወጡም። ጊታር ጨርሶ የማያውቅ ሰው እንኳ ስድስቱን ባዶ ክሮች ቢመታ ትዝታው ውስጥ ነው ያለው። ከደጅ ሆነሽ «አልፎ አልፎ ክሮቹን ሲመታ» የሰማሽው ይህን ሊሆን ይችላል።

ሌላም አለ። በሁለተኛው ፎቶ ብርሃኑ ከጎን ስለመጣ ፍሬቶቹ ላይ ያለው ጉድጓድ ይታያል። ከአንደኛው ክር ሥር 3ኛው፣ 5ኛውና 7ኛው በግልጽ ጎድጉደዋል፤ 10ኛውም ጀምሯል። 4ኛው፣ 6ኛው፣ 8ኛው ያልተነኩ ያህል ናቸው። የፍሬት ብረት ከብረት ክር ይልቅ ለስላሳ ስለሆነ ይበላል፤ እንዲህ እስኪጎደጉድ ግን ጥቂት ቀን አይበቃም። ወራት፣ ምናልባትም ዓመታት ነው። ምን አስቦ እንደሆነ፣ ለምንስ እንዳልነገረሽ እኔ ልናገር አልችልም፤ እሱን የምታውቂው አንቺ ነሽ። እኔ የማየው እንጨትና ብረት ነው። ከእንጨቱና ከብረቱ የሚነበበው ግን አንድ ሰው በአንዲት ክር ላይ ትዝታን ደጋግሞ ይለማመድ እንደነበር ነው።

ስለዚህ ፍሬቱ አይሞረድ። ጠጋኙ «ደረጃቸው አልተስተካከለም» ቢልሽ እውነቱን ነው፤ የብረት ክር ቢሆን እዚያ ጉድጓድ ላይ ይንጫጫ ነበር። ናይለን ክር ግን ወፍራምና ለስላሳ ስለሆነ ይህን ያህል ጉድጓድ ይችላል፤ ቢንጫጫ እንኳ ሳድሉን ከፍ በማድረግ ይታረማል። 12ኛው ፍሬት ላይ የክሩን ከፍታ አንድ ሚሊሜትር ለመጨመር ሳድሉን ሁለት ሚሊሜትር ማሳደግ ነው፤ ለስድስተኛው ክር 4 ሚሊሜትር፣ ለአንደኛው 3 ሚሊሜትር ከፍታ በቂ ነው። የአንገቱን ጎን ዘይት፣ ሎሚ፣ አልኮል፣ ፖሊሽ፣ ምንም አይንካው። እርሳስ እንጨቱን አይበላም፤ ራሱ ግን በአንድ እርጥብ ጨርቅ ይሄዳል። ለመጠበቅ ብለሽ ቫርኒሽ አትቀቢበት፤ ብሩሹ ራሱ ይዞት ይሄዳል። ጥገናው እስኪያልቅ በላዩ ላይ ስስ ወረቀት አጠፍጥፈሽ በክር እሰሪበት፤ ፕላስተር አትለጥፊበት፣ ሲነሳ ጭረቱን ይዞት ይነሳል። ስትጫወቺ አውራ ጣትሽ በዚያ በኩል ስለሚያልፍ ከዓመታት በኋላ መፍዘዙ አይቀርም። አሁኑኑ በጥሩ ብርሃን ፎቶ አንሺው፣ ቦታቸውንም ለክተሽ ጻፊ።

መጻፉን በተመለከተ፣ ጊታሩ ሲድን አብሮ ይመለሳል ብዬ ቃል ልገባልሽ አልችልም። በእኔ የደረሰውን ብቻ ልንገርሽ። ጓደኛዬ ሲያርፍ የእኔም ጽሑፍ ግማሹ ታርሞ እጁ ላይ ነበር። ሁለት ዓመት ሳልከፍተው ቆየሁ። ከዚያ ከፈትኩና በእርሳስ የጻፈውን ሁሉ፣ አንድም ሳላስቀር፣ እንዳለ ገለበጥኩት። ተሳስቼ ነበር። በሕይወት ሳለ ከሦስት እርማቱ አንዱን እከራከረው ነበር፤ አንዳንዴ እሱ ይረታል፣ አንዳንዴ እኔ፤ ሻይ እያፈላን አንዲት ቃል ላይ አንድ ሰዓት የቆየንበት ቀን አለ። ከሞተ በኋላ ግን ዝም ብዬ ሁሉን እሺ አልኩት፣ ጽሑፉም የእኔም የእሱም ሳይሆን ቀረ። ያንን ወረቀት እንደገና ያነሳሁት ቆይቼ ነው። አንድ ቦታ «ይህ ቃል ይውጣ» ብሎ ነበር። እኔ አይወጣም አልኩ። ጮክ ብዬ፣ በዎርክሾፑ ውስጥ ብቻዬን፣ ምክንያቴን ነገርኩት። ቃሉ ዛሬም ጽሑፉ ውስጥ አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እጄ ተፈታ።

የአንቺን 11 ገጾች ኮፒ አስነሺና ዋናውን አስቀምጪ። በኮፒው ላይ ተቀመጪና በሕይወት ቢኖር የምትከራከሪውን ሁሉ ተከራከሪው። 12ኛው ገጽ ከባድ እንደሚሆን አውቃለሁ፤ እርሳሱ አልደረሰበትም። እዚያ ስትደርሺ ምን ይል እንደነበር በግምት ለመሙላት አትቸኩዪ። ሌላ አርታኢም ገና አትፈልጊ፤ የሚመጣው ሰው ከእሱ ጋር ሲወዳደር ይኖራል፣ ለእሱም ለአንቺም ደግ አይሆንም። ይህ የእኔ አስተያየት ነው፤ እንደ ብሪጁ በእርግጠኝነት የምናገረው አይደለም።

ጊዜውን ልቁጠርልሽ። ሁለት ሳምንት እርጥበቱ፣ አንድ ሳምንት ብሪጁና ስንጥቁ፤ ጠጋኙ ወረፋ ካለው ሁለት በይው። ክሩ ሲገባ ደግሞ ናይለን ከብረት የተለየ ጠባይ አለው፤ እየተለጠጠ ሳምንት፣ አንዳንዴም አሥር ቀን ቅኝቱን ይጥላል። በየቀኑ ጠዋትና ማታ መልሺው እንጂ አትበሳጪበት። ለሙት ዓመቱ ሦስት ወር አለሽና ያለ ጥድፊያ ይደርሳል። ክሩ «ኖርማል ቴንሽን» የሚለው ይሁን፤ «ሃርድ» አትግዢ፣ ይህ ገላ ብዙ ተጎትቷል። ሦስቱ ቀጫጭን ክሮች ይንሸራተታሉና ብሪጁ ላይ ስትቋጥሪ ጫፋቸውን ሁለት ሦስት ጊዜ በራሳቸው ሥር አሳልፊ፤ ለሦስቱ ወፋፍራም አንድ ጊዜ ይበቃል። የድሮዎቹን የብረት ክሮች ለየብቻ ጠቅልለሽ ቁጥራቸውን እየጻፍሽ ፖስታ ውስጥ አድርጊ፤ ኬዙ ውስጥ ግን አታስቀምጫቸው፣ እዚያ እርጥብ ስፖንጅ አለ።

ክሩ ረግቶ ቅኝቱን መያዝ ሲጀምር አንድ ፈተና አድርጊለት። አንደኛውን ክር በጓደኛሽ ጭረቶች ተከትለሽ ውጪ፤ 3፣ 5፣ 7፣ 10። 12ኛው ጭረት ላይ ስትደርሺ ክሩን መጀመሪያ ሳትጫኚው ጣትሽን ብቻ ፍሬቱ ላይ አሳርፈሽ ምቺ፣ ደወል የመሰለውን ድምፅ ስሚ፤ ቀጥሎ እዚያው ተጭነሽ ምቺ። ሁለቱ ድምፆች አንድ ከሆኑ ብሪጁ በቦታው ተለጥፏል። የተጫንሽው ከፍ ወይም ዝቅ ካለ፣ በየትኛው በኩል እንደሆነ ጽፈሽ ላኪልኝ።